አንድ ጠረጴዛ፣ ስንት ጨዋታ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራዳ ውስጥ፣ በአንድ ወጣት ማዕከል አዳራሽ የተደረገ ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ቀርቧል። «እ...» እና «ማለቴ» ከመቀነሳቸው በቀር አልተነካም።

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ?

ኧረ ምነው ድምፃችሁ? ምሳ አልበላችሁም እንዴ? እንደገና እንሞክረው። እንደምን ዋላችሁ?

እሱ ነው! እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ማንም አይበላችሁም። እናቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አንዳንዶቻችሁ የመጣችሁት ልጃችሁ የት እንደሚውል ለማየት እንደሆነ አውቃለሁ። ደግ አደረጋችሁ።

እኔ የፑል ጠረጴዛ ጠጋኝ ነኝ። ጨርቅ እቀይራለሁ። የላላ ላስቲክ እለጥፋለሁ። የዱላ ጫፍ አበጃለሁ። የተንጋደደ አቃናለሁ። ጠረጴዛ ማለቴ ነው፤ ሰው አላቃናም። ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ያልገባሁበት ፑል ቤት ቢኖር ጥቂት ነው። ብዙዎቹ አሁን የሉም። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ጨርቅ የቀየርኩላቸው ቤቶች በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ አብረው ሄዱ። ጠረጴዛዎቹ አይሱዙ ላይ ተጭነው ሲወጡ አይቻለሁ። የት እንደገቡ እንጃ። እሱ ሌላ ወሬ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።

አዘጋጆቹ «ስለ ፑል ንገርልን» ሲሉኝ አንድ ጎረቤቴ ሳቀብኝ። «ዱላ ይዞ ማጎንበስ ደግሞ ምን ንግግር አለው?» አለኝ። ተናድጄ ነው የመጣሁት፤ ስለዚህ ትንሽ ከረዘምኩ ቅር እንዳይላችሁ።

ሦስት ነገር ነው የማወራው። አንደኛ፣ ጠረጴዛው ራሱ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ እላዩ ላይ ምን ምን መጫወት ይቻላል? ሦስተኛ፣ ከማን ጋር፣ በምን ዓይነት ቤት? እውነቱን ለመናገር የመጣሁት ለሦስተኛው ነው። ግን ሁለቱን ሳትሰሙ ሦስተኛው አይጥማችሁም።

እሺ፣ አንደኛ። ጠረጴዛው።

ልጠይቃችሁ። ከአረንጓዴው ጨርቅ ሥር ምን አለ? እንጨት ያለው ማነው? አንተ? ኮምፔርሳቶ? ጥሩ። በርካሹ ላይ ልክ ነህ። በደህናው ላይ ግን ድንጋይ ነው። አዎ፣ ድንጋይ! ስሌት የሚባል፣ በንጣፍ በንጣፍ የሚሰነጠቅ ድንጋይ ነው። ውፍረቱ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ቁራጭ ሆኖ ይመጣል። ጠረጴዛ ለማዛወር አራት ጎረምሳ ጠርታችሁ ወገባቸውን ይዘው የቆሙት ለዚህ ነው። ድሮ ድሮ እንጨት ነበር። እንጨት ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ያብጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይጣመማል። እንግሊዛዊው ጆን ተርስተን እ.ኤ.አ. በ1826 ስሌት ድንጋይ አመጣና ያ ችግር ተቃለለ። ጠርዙ ላይ ያለውን ላስቲክም ቀድመው ካስገቡት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

አሁን እጄን ተመልከቱ፤ እንዴት እንደሚተከል ላሳያችሁ። ሦስቱን ድንጋይ ጎን ለጎን ትዘረጋለህ። ውሃ ልክ ታስቀምጥበታለህ። ጎንበስ ብለህ ስታይ አረፋዋ ወደ ግራ ሸሸት ብላለች። ምን ታስገባለህ? ካርታ! ይኸው ኮንከር የምትጫወቱበትን ካርታ። አንዷን በድንጋዩና በእንጨቱ መሐል ሸጎጥ። እንደገና ታያለህ። ገና ነው። ግማሽ ካርታ ትቀድና ትጨምራለህ። አረፋዋ መሐል ስትቆም በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ላይ ሰም ታቀልጣለህ። ሲደርቅ በስለት ትፍቃለህ። ከዚያ ዓይንህን ጨፍነህ መዳፍህን ታሳልፍበታለህ። መጋጠሚያው የት እንደነበር እጅህ ካወቀ፣ ሥራው አላለቀም።

ጨርቁ የሚለብሰው ከዚህ በኋላ ነው። ተወጥሮ፣ ተወጥሮ፣ ጣት ስታሳርፍበት የማይሸበሸብ ድረስ። መጨረሻ ላይ ነጯን ኳስ አንስተህ፣ በጣም ቀስ አድርገህ ትለቃታለህ። በፍጥነት የምትሄድ ኳስ ምንም አትነግርህም። ልትቆም ስትል ነው የምትናገረው። በመጨረሻዋ ስንዝር ወደ አንድ ጎን ካዘመመች፣ ጨርቁን ገልጠህ ከአንድ ትጀምራለህ። ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ «አልጨረስክም እንዴ?» ይልሃል። አንተ ዝም ትላለህ።

ስለዚህ፣ ወንድሞቼ፣ እለምናችኋለሁ፦ ጠረጴዛ ላይ አትቀመጡ! እለምናችኋለሁ፦ ቢራችሁን ጠርዙ ላይ አታስቀምጡ! እለምናችኋለሁ፦ ስትሸነፉ ዱላውን ጨርቁ ላይ አትውጉ! ጥፋተኛው ጨርቁ አይደለም።

ዱላውስ? ስቲክ የምትሉት። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ቆዳ ናት። ያቺን ቆዳ የፈጠራት ፈረንሳዊ መኮንን ነው፤ ፍራንስዋ ሜንጎ ይባላል፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1800ዎቹ መጀመሪያ ነው። እስር ቤት ሆኖ ነው ያሰባት ይባላል። እሷ ባትኖር ኳሷን ወደ ኋላ መመለስ፣ ወደ ጎን ማሽከርከር ዘበት ነበር። እንጨት ከኳስ ጋር ሲገናኝ ይንሸራተታላ። ሰማያዊዋ ቾክም ሥራዋ ያው ነው፤ ቆዳው ኳሱን እንዲይዝ። የመምህር ጠመኔ ግን አይሆንም። የፑሏ ውስጥ አሸዋ ነክ ዱቄት አለ። ሁለት አሜሪካውያን፣ ስፒንክስና ሆስኪንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ነው በስማቸው ያስመዘገቧት። ቾክ የሚቀባው ከመምታት በፊት ነው፤ ሰዉ ግን ከሳተ በኋላ ነው የሚቀባው። አይታችኋል? ይስትና ዱላውን ገልበጥ አድርጎ ጫፉን ያያል። «ቾክ የለውም ለካ!» ይላል። ትስቃላችሁ እንዴ? አንተ ስትስቅ አየሁህ፤ አድርገኸዋል ማለት ነው።

ኳሱ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በአንድ ወቅት የቢሊያርድ ኳስ የሚሠራው ከዝሆን ጥርስ ነበር። ካንድ ጥርስ የሚወጣው ጥቂት ኳስ ነው፤ የቀረው ይጣላል ወይም ለሌላ ይውላል። ለጨዋታ ብሎ ዝሆን መግደል! እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የቢሊያርድ ነጋዴ ምትክ ላገኘ ሰው 10,000 ዶላር አቀርባለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ጆን ሃያት የሚባል ሰው እሱን ሲያሳድድ ነው ወደ ሴሉሎይድ የደረሰው። ከመጀመሪያዎቹ ፕላስቲኮች አንዱ ነው። ዛሬ የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ስትይዙ፣ ከጀርባው የፑል ኳስ ታሪክ አለ። አሁን ጥሩ ጥሩዎቹ ኳሶች ከጠንካራ ሬዚን ይሠራሉ፤ ቤልጂየም በዚህ የታወቀች ናት። ስፋታቸው 57 ሚሊሜትር ከምናምን ነው።

ብዙ ቆየሁበት መሰለኝ። ሥራዬ ስለሆነ ነው፤ ፍረዱኝ።

ሁለተኛ። ምን እንጫወት?

እስቲ አንድ እጅ አውጡ። ፑል ስትጫወቱ የምትጫወቱት ባለ 8 ቁጥሩን ብቻ የሆነ? ... ሁላችሁም! ገምቼ ነበር። ሙሉዎቹ ላንዱ፣ ባለመስመሮቹ ላንዱ፣ ጥቁሯ መጨረሻ። ጥሩ ጨዋታ ነው፤ አልነቅፈውም። ግን ጠረጴዛው ላይ ካለው ጨዋታ አንዱ ብቻ ነው። በየቀኑ ሽሮ የሚበላ ሰው ሽሮ አይወድም ማለት አይደለም። ግን ገበያው ሰፊ ነው፣ ወንድሜ!

ደግሞ ያቺኑ 8 ቁጥሯን እንኳ በአንድ ሕግ አንጫወታትም። ነጯ ከገባች አንዱ ቤት «የፈለግህበት አስቀምጥ» ይላል። ሌላው «ከመስመሩ ወዲህ ብቻ» ይላል። ሦስተኛው ቤት «ሁለት ምት አለው» ይላል። አንዱ ጥቁሯን የምታስገባበትን ኪስ በጣት አሳይ ይልሃል፤ አንዱ የትም ትግባ ይላል። ከዚያ ጭቅጭቅ። በሕይወቴ ካየሁት የፑል ቤት ጠብ አብዛኛው የተነሳው ከገንዘብ ሳይሆን ሕጉን ቀድሞ ካለመነጋገር ነው። መፍትሔው ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት መለጠፍ ነው። አንድ ወረቀት! የቤት ባለቤቶች ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ጽፋችሁ ለጥፉት።

እስቲ ሌላውን እንይ። ባለ 9 ኳሱ አለ። ከ1 እስከ 9 ያሉት ብቻ ይደረደራሉ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትነካው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ትንሹን ቁጥር ነው። 9ኟን ያስገባ አሸነፈ። ውበቱ ምኑ ላይ ነው? በትክክል 1ን ነክተህ፣ 1 ሄዳ 9ን ገጭታ ብታስገባት፣ እዚያው አለቀ! ደካማ ተጫዋች ጎበዙን አንዳንዴ የሚቀጣበት ጨዋታ ነው። ፈጣን ነው፣ ሰውም ሲያየው ይጮኻል።

ሦስት ሆናችሁ መጥታችሁ አንዱ ቆሞ ሲያፏጭ አይታችሁ አታውቁም? ለሦስት ሰው የሚሆን አለ። አንዱ ከ1 እስከ 5፣ አንዱ ከ6 እስከ 10፣ አንዱ ከ11 እስከ 15 ይይዛል። የራስህን አታስገባም፤ የሌሎቹን ነው የምታስገባው። መጨረሻ ላይ ጠረጴዛው ላይ ኳስ የቀረለት ያሸንፋል። ሁለቱ ተባብረው አንዱን ያጠቃሉ፤ ወዲያው ይካካዳሉ። ሳቅ ነው፣ እመኑኝ። ጀለሶቻችሁን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም።

ሌላው ደግሞ በነጥብ ነው። አሥራ አምስቱም ኳስ በላዩ የተጻፈው ቁጥር ነጥቡ ነው። ድምሩ 120 ይመጣል፤ 61 የደረሰ በቃ። እዚህም ትንሹን ቁጥር ቀድመህ መንካት አለብህ። ፊሊፒንስ ውስጥ በጣም ይወደዳል። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ይሄን አጫውቷቸው። ሳያውቁት ሲደምሩ ይውላሉ። እናቶቼ፣ ይቺን ያዙልኝ።

የትዕግስት ሰው ከሆናችሁ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ኪስ ብቻ የሚሰጥበት አለ። ስምንት ኳስ እዚያች ኪስ ውስጥ ቀድሞ ያስገባ ያሸንፋል። ከማስገባት ይልቅ መከልከል ይበዛበታል። ለችኩል ሰው አልመክርም።

ጠረጴዛውን ከቀየርን ደግሞ ዓለሙም ይቀየራል። ስኑከር አለ። ጠረጴዛው ሦስት ሜትር ተኩል ያልፋል፣ ኳሶቹ ያንሳሉ፣ ኪሶቹ ይጠባሉ። አሥራ አምስት ቀይ ኳስ አለ፤ አንድ ቀይ፣ ከዚያ አንድ ባለቀለም፣ እንደገና ቀይ። የተጀመረው ሕንድ ውስጥ ነው፤ ጃባልፑር ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1875፣ በእንግሊዝ መኮንኖች መሐል። አንድም ሳትስት እያንዳንዱን ቀይ በጥቁር አስከትለህ፣ ባለቀለሞቹንም ከጨረስክ 147 ነጥብ ይሆናል። ሮኒ ኦሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን የጨረሰው በአምስት ደቂቃ ገደማ ነው። አምስት ደቂቃ! እኛ ሰፈር አምስት ደቂቃ ቾክ የሚቀባ ሰው አለ።

ከዚያ ኪስ የሌለው ጠረጴዛ አለ። አዎ፣ ቀዳዳ የለውም። ሦስት ኳስ ብቻ ነው ያለው። ያንተ ኳስ ሁለቱንም መንካት አለባት፤ ሁለተኛዋን ከመንካቷ በፊት ደግሞ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ጠርዝ መምታት አለባት። ምንም አይገባም፣ ምንም አይወጣም፤ ማዕዘን ብቻ። እዚያ ጨዋታ ድንጋዩን ከሥር በኤሌክትሪክ ያሞቁታል። ለምን? እርጥበት እንዳይዘው። የኛን ክረምት አስቡት። ሐምሌ ላይ ኳሱ ለምን እንደሚከብዳችሁ አሁን ገባችሁ? እጃችሁ አልከዳችሁም። ጨርቁ እርጥበት ጠጥቶ ነው። የፒያሳ ትልልቆች ከረንቡላ ሲሏችሁ ዓይናቸው የሚበራው በእንደዚህ ዓይነት ጨዋታ ነው። ከጣሊያን ጋር ነው የመጣው እያሉ ነበር የሚነግሩን። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተጫወተ አባት ካለ በኋላ ፈልጉኝ፤ ቡና እኔ ነኝ የምጋብዘው።

አንድ ሌላ ጨዋታ ልጨምር፤ ማንም ጨዋታ ብሎ የማይቆጥረው ነው። ለብቻ መጫወት። አራት ኪሎ አካባቢ ጨርቅ ልቀይር በጠዋት የምሄድበት አንድ ቤት ነበር። ሁልጊዜ አንድ ጡረታ የወጡ ጋሼ እዚያ አሉ። ኮት ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ሰቅለው፣ ብቻቸውን። የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። አንድ ቀን «ና ወዲህ» አሉኝ። ነጯን አስቀመጡ፣ አንድ ቀይ ኳስ ፊቷ አስቀመጡ። «ነጯን መሐሏን በደንብ ብመታት፣ ቀይዋን ደግሞ ጎኗን ብትነካት፣ ሁለቱ በምን ያህል ማዕዘን ይለያያሉ?» አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? «ጋሼ፣ እንደ አመታቱ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። ቾካቸውን አንስተው ጨርቁ ላይ... አይ፣ ጨርቁ ላይ አልጻፉም፤ ቢጽፉ ኖሮ እጣላቸው ነበር። በእጃቸው አሳዩኝ። ነጯ ሳትንከባለል፣ ተንሸራታ ከደረሰች፣ ሁለቱ ኳሶች በ90 ዲግሪ ይለያያሉ። ወፍራም ንኳት፣ ቀጭን ንኳት፣ ያው 90። ክብደታቸው እኩል ስለሆነ ነው። ፊት ለፊት ከገጨቻት ደግሞ ነጯ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ቀይዋ ጉልበቱን ይዛ ትሄዳለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሲጫወት የማየው በሌላ ዓይን ነው። ጎበዝ ተጫዋች ኳስ የሚያስገባ አይደለም። ኳስ ሁሉም ያስገባል። ጎበዙ ነጯ ከዚያ በኋላ የት እንደምትቆም የሚያውቅ ነው። ልጆች፣ ስልካችሁ ላይ ያለው ፑል መስመሩን ሠርቶ ያሳያችኋል። ጠረጴዛው አያሳያችሁም። ራሳችሁ ጭንቅላት ውስጥ ነው የምትሠሩት። ጋሼ ያን ጠዋት ጠዋት ይሠሩ ነበር። ማንንም አያሸንፉም፤ ማንም አያሸንፋቸውም። ማኪያቷቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ።

መመልከትስ? እሱም አንዱ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የዓለም ስኑከር ፍጻሜ በመጨረሻዋ ጥቁር ኳስ ነው ያለቀው። እኩለ ሌሊት አልፎ በብሪታንያ 18.5 ሚሊዮን ሰው ቁጭ ብሎ አይቶታል። ሁለት ሰው ዱላ ይዞ ሲያጎነብስ! ጎረቤቴ ይሄን ይስማ። እኛም ተመልካች አናጣም፤ የኛ ተመልካች ግን አሰልጣኝ ነው። «ቀጭኗን! ቀጭኗን ምታ! በጎን!» ይላል። ገፋ ብታደርጉት ዱላ መያዝ አይችልም። እባካችሁ፣ ሰው ሲመታ ዝም በሉ። ሲመታ ብቻ! ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ።

እሺ። ወደ ሦስተኛው መጣሁ። ከማን ጋር? በምን ዓይነት ቤት?

እዚህ ላይ በግልጽ እናውራ። እናቶቼ፣ «ፑል ቤት» ሲባል ምንድን ነው የሚታያችሁ? ጭስ። ጫት። ቁማር። የቀረ ትምህርት። አይደለም? ውሸት አይደለም፤ እንዲህ ያሉ ቤቶች አሉ። ገብቼባቸዋለሁ። የተሸነፈ ይከፍላል ይባላል፤ እሱ ችግር የለውም፣ የጠረጴዛው ኪራይ ነው። ከዚያ «ማስያዣ እንያዝ» ይመጣል። መጀመሪያ ለስላሳ ነው። ቀጥሎ ብር ነው። ቀጥሎ የታክሲ ብር ነው። ቀጥሎ ስልክ ነው። ስልኩን አስይዞ በእግሩ ከስታዲየም ሽሮ ሜዳ የሄደ ልጅ አውቃለሁ። ጨዋታው ማስያዣ ሲገባበት ደስታው ወዴት ይሄዳል? የሚመታው ልጅ እጁ ይንቀጠቀጣል። የሚያየው ይሳደባል። ማንም አይስቅም። ታዲያ ጨዋታ ነው ይሄ?

ግን ጥያቄው እዚህ ጋ ነው፤ ልብ በሉልኝ። ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው? ወይስ ቤቱን የያዘው ሰው?

ካዛንቺስ ውስጥ አንዲት እናት ነበሩ። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ሁለት ጠረጴዛ ነበራቸው። ጨርቃቸውን እኔ ነበርኩ የምቀይረው። ከጠረጴዛው በላይ የተንጠለጠለ አንድ ትልቅ አምፖል አለ፤ ማብሪያ ማጥፊያው እሳቸው ሻይ ከሚያፈሉበት ጋ ነው። አንድ ሰው «ማስያዣ» የምትል ቃል ካወጣ፣ ቀጭ! ጨለማ። ሰዉ «ኮረንቲ ሄደ!» ብሎ ያጉረመርማል። እሳቸው ሻያቸውን እያማሰሉ «ኮረንቲው ሰምቶ ነው የሄደው» ይላሉ። ልጁ ይቅርታ እስኪል አያበሩም። ዩኒፎርም ለብሶ የመጣ ልጅ ዱላ አይሰጠውም። ቤቱ ሄዶ ልብስ ቀይሮ፣ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። እሳቸው ደብተሩን ገልጠው ያያሉ። ማንበብ ይችሉ አይችሉ አላውቅም፤ ልጆቹ ግን ይፈሯቸው ነበር። ሲጋራ ውጭ ነው። ስድብ ውጭ ነው። ቤቱ ሁልጊዜ ሙሉ ነበር። እደግመዋለሁ፣ ሁልጊዜ ሙሉ ነበር! «ቁማር ከከለከልኩ ደንበኛ ይሸሸኛል» የምትሉ ባለቤቶች ይቺን ስሙ።

እትዬ ቤት ያየሁት ሌላም ነገር አለ። ሴቶች ይገቡ ነበር። እህቶቼ፣ እውነት ንገሩኝ። ስንቶቻችሁ ፑል ቤት በር ላይ ደርሳችሁ ተመልሳችኋል? ... አያችሁ? እጅ በዛ። ስትገቡ ዱላው ሁሉ ይቆማል፤ ዓይን ሁሉ ይዞራል። ብትመቱና ብታስገቡ «ዕድል ነው» ይባላል። ብትስቱ አስተማሪ ይበዛል፤ ክንዳችሁን ይዞ ሊያሳያችሁ የሚመጣ አይጠፋም። የእህቴ ልጅ እትዬ ቤት ነው የለመደችው። አንድ ቅዳሜ ወንዶቹን ተራ በተራ ሸኘቻቸው። የመጨረሻው ልጅ ዱላውን አስቀምጦ «ዱላው ጠማማ ነው» አለ። ዱላውን እኔ ነኝ የሠራሁት! ጠማማ አልነበረም።

ሪያን ኤቫንስ የምትባል እንግሊዛዊት አለች። በሴቶች ስኑከር 12 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ከወንዶቹ ጋርም ሄዳ ተጋጥማለች። ይህ ጨዋታ ጡንቻ አይፈልግም። ቁመት አይፈልግም። ዕድሜም ብዙ አያግደውም። በዊልቸር ሆኖ የሚጫወት ሰው በዓለም ላይ የራሱ ውድድር አለው። የመጫወቻው ከፍታ ከ74 እስከ 79 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ከዊልቸር ላይ ይደረሳል። የማይደረሰው በራችን ነው። ሦስት ደረጃ፣ ጠባብ በር፣ መሐል ላይ የቢራ ሳጥን። ባለቤቶች፣ ሳጥኑን አንሱት።

ልጆችስ? «ሕፃን ፑል ቤት ምን ይሠራል?» ትላላችሁ። ኤፍሬን ሬየስ የሚባል ፊሊፒናዊ አለ፤ አስማተኛው ይሉታል። ብዙ ሰው በዓለም ከታዩት ሁሉ የሚበልጥ ይለዋል። በአምስት ዓመቱ ማኒላ ያለው አጎቱ ጋ ተላከ። አጎቱ የቢሊያርድ ቤት ነበረው። ልጁ ኳስ ይለቅማል፣ ይጠርጋል። ጠረጴዛው ላይ አልደርስ ሲል የኮካ ሳጥን ላይ ይቆማል። ማታ የሚተኛውም ጠረጴዛው ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የባለ 9 ኳሱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እዚያ ቤት ውስጥ አጎት ነበር። የሚያየው ሰው ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ስንት ልጅ ሳጥን ላይ ቆሞ ይመታል? የሚያየው ሰው ግን ማነው? እናንተ ናችሁ። አባቶች፣ አንድ እሑድ ከልጃችሁ ጋር ሄዳችሁ ተጫወቱ። ልጃችሁ ይረታችኋል፤ አትናደዱ። ከልጅ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ «ትምህርት እንዴት ነው?» ቢባል መልሱ «ጥሩ ነው» ብቻ ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ እየዞራችሁ ግን ሳትጠይቁት ያወራል። እኔ የልጄን ነገር ሁሉ የሰማሁት ነጯን እየጠበቅሁ ነው።

እዚህ ማዕከል ያለው ጠረጴዛ የሁላችንም ነው። እናቶች በማኅበር ሰዓት መያዝ ትችላላችሁ። ለምን አትይዙም? ዕቁብ ያለበት ቀን፣ ዕቁቡ እስኪወጣ ድረስ አንድ ጌም። የእህቶች ሰዓት ይኑር፤ በዚያ ሰዓት ወንድ መካሪ አይግባ። አዘጋጆች፣ ይሄን እየጻፋችሁልኝ ነው? ጻፉልኝ።

ሊያልቅ ነው፤ ሰዓት እያሳዩኝ ነው። በር ላይ አንድ ወንድሜ «ግቢዬ ውስጥ አንድ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፣ ይበቃኛል ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል። ሒሳቡ ቀላል ነው። የመጫወቻውን ሜዳ ለካ፤ ጠርዙን ሳይጨምር። በአራቱም በኩል አንድ ዱላ ጨምር። ዱላ ወደ 147 ሴንቲሜትር ነው። ለትልቁ፣ ለባለ 9 ጫማው፣ አምስት ሜትር ተኩል በአራት ከሃያ ገደማ ያስፈልጋል። ለትንሹ፣ ለባለ 7 ጫማው፣ አምስት በአራት ይበቃሃል። ከዚያ ካነሰ ግድግዳውን እየወጋህ ነው የምትጫወተው። ያገለገለ ስትገዛ ሦስት ነገር እይ። ጨርቁን አትይ፤ እሱ ይቀየራል። ጎንበስ ብለህ ከሥሩ ድንጋይ መሆኑን አረጋግጥ። ላስቲኩን በኳስ ሞክረው፤ ኳሷ ደንዝዛ ከተመለሰች ላስቲኩ ሞቷል። ዱላዎቹን ጠረጴዛው ላይ አንከባላቸው፤ የሚዘልለው ጠማማ ነው። ዱላ ደግሞ ግድግዳ ላይ አስደግፈህ አታሳድር፤ የሚጠምመው እሱ ነው። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሆነ የምታስገባው፣ ክረምት ሲመጣ ላስቲክ አልብሰው። ከዚያ ደውልልኝ፣ ውሃ ልኬን ይዤ እመጣለሁ። ካርታ ግን አንተ ነህ የምታቀርበው።

አመሰግናለሁ! እሺ፣ ጥያቄ ያለው እጅ ያውጣ። አንተ፣ ቀይ ሹራቡ... አይ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ እዚያ ጋ ያሉት እናት እጃቸውን አውጥተዋል። ማይኩን ስጧቸው።